ስለ ሞገድና ስለ ጨረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ መጠየቅ ይጀምራል። ተማሪ የሚጠይቀኝ ለፈተና ነው፤ ጎረቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ፈርቶ ነው። ዋይፋዩን ማታ ማታ ላጥፋው? ማይክሮዌቭ ምግቡን ይበክለዋል የሚባለው እውነት ነው? የፍርሃቱ ግማሽ የመጣው ከአንድ ቃል ይመስለኛል፤ "ጨረር" ከምትለው። የጠዋት ፀሐይ ጨረር አለው። ራጅም ጨረር ነው። የአቶም ቦምብም ሲነሳ ጨረር ይባላል። ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከትተናቸዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከረጢቱን ለመፍታት ይረዳሉ።

ሞገድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ድንጋይ ወርውሩ። ክቡ እየሰፋ ይሄዳል። ውሃው ላይ ባዶ ሃይላንድ ተንሳፎ ከነበረ ሞገዱ ሲደርስበት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እዚያው አካባቢ ይቀራል። ሞገዱ ግን አልፎት ሄዷል። የተጓዘው ውሃው ቢሆን ኖሮ ሃይላንዱንም ይዞት ይሄድ ነበር። የተጓዘው ጉልበት ነው።

ሐይቅ ከሌለ ገመድ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በር ላይ እሰሩና ሌላውን ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ጉብታው እስከ በሩ ይሮጣል፤ ገመዱ ግን ከእጃችሁ አልወጣም።

ፍሪኩዌንሲና የሞገድ ርዝመት ሁሌ ይምታቱብኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፍሪኩዌንሲ፣ ወይም በአማርኛው ድግግሞሽ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተወዛወዘ የሚለው ነው። የሚለካው በኸርዝ ነው። የሞገድ ርዝመት ደግሞ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ ያለው ርቀት ነው፤ በሜትር ይለካል። ሁለቱን ስታባዟቸው የሞገዱን ፍጥነት ይሰጧችኋል። ፍጥነቱ ካልተለወጠ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ምሳሌ ከራዲዮ እንውሰድ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲባል 97.1 ሜጋ ኸርዝ ማለት ነው። የጣቢያው ሞገድ በሰከንድ 97 ሚሊዮን 100 ሺህ ጊዜ ይወዛወዛል። የራዲዮ ሞገድ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። አቋራጩ ቀላል ነው፦ 300ን በሜጋ ኸርዙ ቁጥር አካፍሉ፣ መልሱ በሜትር ይወጣል። 300 ለ97.1 ሲካፈል 3.09 ሜትር ነው። አንዱ ሞገድ ከአንድ ትንሽ መኪና በትንሹ ቢያጥር ነው።

የዚህ ርዝመት አንድ አራተኛ 77 ሳንቲ ሜትር ነው። የድሮ ራዲዮ አንቴና ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ስንት እንደሚሆን ለኩት። ብዙም አይርቅም። ፋብሪካው ለውበት ብሎ አላስረዘመውም።

ድምፅም ሞገድ፣ ብርሃንም ሞገድ። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ድምፅ የሚያስተላልፈው ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ውሃ፣ ግድግዳ። አየሩ ራሱ ይጨመቃል፣ ይላላል፤ ያ መጨመቅና መላላት ነው ጆሯችን የሚደርሰው። አየር በሌለበት ጠፈር ላይ ብትጮሁ የሚሰማችሁ የለም። ብርሃን ግን ከፀሐይ ተነስቶ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ባዶ ቦታ አቋርጦ ይመጣል። 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

የፍጥነታቸውን ልዩነት ክረምት ላይ በነፃ ታዩታላችሁ። መብረቁ ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። ነጎድጓዱ እስኪሰማ የቆጠራችሁትን ሰከንድ ለ3 አካፍሉ። መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደወደቀ ታውቃላችሁ፤ ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነውና። 3 እንኳ ሳትቆጥሩ ካንባረቀ ከዛፍ ሥር ራቁ፣ ወደ ቤት ግቡ።

ድምፅን በተመለከተ የምወደው መሣሪያ መሰንቆ ነው። ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነው። አዝማሪው ጣቱን ሲያንሸራትት የሚወዛወዘው ክፍል ያጥራል፣ ፍሪኩዌንሲው ይጨምራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ርዝመቱን በግማሽ ሲያሳጥረው ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህችን እጥፍ የመሆን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ባዶ ቦታ ላይ ምን ሊወዛወዝ ይችላል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንትም ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። ጠፈርን የሞላ "ኤተር" የሚባል የማይታይ ነገር መኖር አለበት ብለው ነበር። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምድር በዚህ ኤተር ውስጥ ስትቀዝፍ የሚፈጠረውን ለውጥ ለመለካት ሞከሩ። የጠበቁትን አላገኙም።

መልሱ ከዚያ በፊት በስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ወረቀት ላይ ነበር። በ1865 ባሳተመው ሥራው የኤሌክትሪክ መስክ ሲለዋወጥ የማግኔት መስክ እንደሚፈጥር፣ የማግኔቱ ሲለዋወጥ ደግሞ መልሶ የኤሌክትሪክ መስክ እንደሚፈጥር በሂሳብ አሳየ። አንዱ ሌላውን እየወለደ ይጓዛል። የጉዞውን ፍጥነት ሲያሰላው የመጣው ቁጥር ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ብርሃን ራሱ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነው ማለት ነው። ከዚያ በ1887 ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ ቤተ ሙከራው ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፈጥሮ ራቅ ብሎ በተቀመጠ ቀለበት ላይ ሌላ ብልጭታ አስነሳ። በመካከላቸው ሽቦ የለም። ራዲዮ የተወለደው እዚያ ነው፤ መለኪያውንም በስሙ ጠራንለት።

ኤሌክትሮማግኔቲክ ስፔክትረም የሚባለውስ?

ክረምት ሊወጣ ሲል የማርያም መቀነት ትታያለች። ፀሐይ ከጀርባችሁ፣ ዝናቡ ከፊታችሁ ሲሆን። ከላይ ቀዩ፣ ከታች ሐምራዊው። እያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው፤ ቀይ ዝቅተኛው፣ ሐምራዊ ከፍተኛው።

ነገሩ መቀነቷ የምታልቀው ዓይናችን ስላለቀበት ብቻ ነው። በ1800 ዊልያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ውጪ፣ ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ፣ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ሙቀቱ ጨመረ። ያ ኢንፍራሬድ ነው። በዓመቱ ዮሃን ሪተር በሌላኛው ጫፍ፣ ከሐምራዊው ውጪ፣ አልትራቫዮሌትን አገኘ።

ከኢንፍራሬድ ወደ ታች ስትወርዱ ማይክሮዌቭ፣ ከዚያ ራዲዮ ይመጣል። ከአልትራቫዮሌት ወደ ላይ ስትወጡ ራጅ፣ ከዚያ ጋማ። ባዶ ቦታ ላይ የሁሉም ፍጥነት አንድ ነው። የሚለያዩት በድግግሞሽ ነው፤ አበቃ። ሌላው ልዩነታቸው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አሁን ወደ መሰንቆው እንመለስ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለው ድግግሞሽ እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ አንድ ኦክታቭ አይደርስም። ከራዲዮ እስከ ጋማ ግን ከ50 ኦክታቭ በላይ ነው። የዓለምን ዜማ የምናየው በአንዲት ኦክታቭ ቀዳዳ አጮልቀን ነው።

ድሮ "በ31 ሜትር ባንድ፣ በአጭር ሞገድ" ሲባል የነበረው ምን ነበር? ለምንስ ማታ ጥርት ይል ነበር?

የሜትሩ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት ነው። 300ን ለ31 አካፍሉ፤ 9.7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይወጣል። የዶይቼ ቬለ አማርኛ ስርጭት ከ1965 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር) እኛ ቤት የደረሱት በዚህ ዓይነት ሞገድ ነው።

"አጭር" የተባለው ከመካከለኛውና ከረጅሙ ጋር ሲነፃፀር ነው እንጂ ከኤፍ ኤም አንፃር ረጅም ነው። ትልቁ ችሎታው ከሰማይ ነጥሮ መመለሱ ነው። ከባቢ አየሩ አናት ላይ ፀሐይ ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮን እየነቀለች የሠራችው አዮኖስፌር የሚባል ክፍል አለ። አጭር ሞገድ እዚያ ይነጥርና ምድር ላይ ይወርዳል፣ እንደገና ይነጥራል። እንዲህ እያለ አህጉር ያቋርጣል። ቀን ቀን ግን ከታች ያለው የአዮኖስፌር ንብርብር በተለይ ዝቅ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል። አባቶቻችን ራዲዮውን መስኮት ዳር አስቀምጠው ማታ ማታ ሲፈትሹ የነበሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኤፍ ኤም ሰማይ ላይ አይነጥርም፤ ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ስለዚህ ማሰራጫው ተራራ አናት ላይ ይተከላል። ከተማውን ለቃችሁ ሁለት ጋራ ስታልፉ ጣቢያው መሹለክለክ ይጀምራል።

ዝናብ ሲዘንብ ዲሽ ለምን ይቆርጣል?

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሲግናሉ እዚያ ድረስ በሰላም መጥቶ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ይሸነፋል። አብዛኞቹ የቤት ዲሾች የሚቀበሉት ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋ ኸርዝ ያለውን ነው። የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የዝናብ ጠብታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። መጠናቸው ስለሚቀራረብ ጠብታው ሞገዱን ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም። ድሮ ግቢ የሚሞሉት ትልልቅ ዲሾች በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ በረጅም ሞገድ ስለሚሠሩ ዝናብ ብዙም አይበግራቸውም ነበር።

ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ ሪሲቨሩ ላይ የሚሞላቸውን ቁጥሮችም እግረ መንገዳችንን እንያቸው። 11 ሺህ ምናምን የሚለው ፍሪኩዌንሲው ነው፣ በሜጋ ኸርዝ። "ኤች" እና "ቪ" ሞገዱ የሚወዛወዘው ወደ ጎን ነው ወይስ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለውን ይነግሩታል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለት የተለያዩ ስርጭቶች ሳይነካኩ የሚያልፉት በዚህ ነው። 9750/10600 የሚለው ደግሞ ኤል ኤን ቢው፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት የተገጠመው መቀበያ፣ ከመጣው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚቀንሰው ነው። ያን ያህል ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በተራ ኬብል ውስጥ ሳሎን እስኪደርስ ይሞታል፤ ስለዚህ ዲሹ ላይ እንዳለ ዝቅ ይደረጋል።

ጎረቤት ቀድሞ "ጎል!" የሚለው ነገርስ? ሞገዱ ሳተላይት ደርሶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጅበት። የቀረው መዘግየት ምስሉን ማመቅና መፍታት የሚወስደው ጊዜ ነው። ብርሃንን አትውቀሱ።

እሺ፣ የትኛው ጨረር ነው ጎጂ?

ወደ ዋናው ነገር መጣን። አልበርት አይንስታይን በ1905 ብርሃን ጉልበቱን የሚያቀብለው በጥቃቅን እሽግ እንደሆነ አሳየ። እሽጓን ፎቶን እንላታለን። የእያንዳንዷ ፎቶን ጉልበት የሚወሰነው በድግግሞሹ ነው። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን ጉልበቷም እጥፍ ይሆናል።

ሰውነታችን ውስጥ ያለን ሞለኪውል ለመስበር ወይም ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ለማውጣት አንዷ ፎቶን ራሷ በቂ ጉልበት ሊኖራት ይገባል። ማንጎ ዛፍ ላይ ላባ ብትወረውሩ፣ ሚሊዮን ላባም ቢሆን፣ ማንጎ አይወርድም። አንድ ድንጋይ ግን ያወርዳል። ጋማና ራጅ ድንጋይ ናቸው። አልትራቫዮሌት ጠጠር ነው፤ ኤሌክትሮን ባይነቅልም የቆዳችንን ዲ ኤን ኤ ያበላሻል። ከዚያ በታች ያለው፣ የምናየው ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ፣ ማይክሮዌቭ፣ ራዲዮ፣ ላባ ነው። ላባ ሲበዛ ያሞቃል። በጣም ከበዛም ያቃጥላል። የሚያቃጥለው ግን እንደ እሳት ነው፤ ዲ ኤን ኤ ሰብሮ አይደለም።

ስለዚህ ሞባይልና 5ጂ ካንሰር አያመጡም?

በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ስልክ የሚለቃት ፎቶን ከቀይ አምፖል ፎቶን ጉልበቷ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ያንሳል። ቀዩን አምፖል ማንም አይፈራውም።

ሐቁን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የራዲዮ ሞገድን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" በሚለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ያ ምድብ ማስረጃው ውስን የሆነ ነገር የሚገባበት ነው። የእሬት ቅጠል ጭማቂና በእስያ ባህላዊ መንገድ የተዘፈዘፈ አትክልትም እዚያ አሉ። የሚያሰጋችሁ ከሆነ ማዳመጫ ተጠቀሙ፣ ስልኩ ከራስ ቅል ትንሽ ራቅ ሲል የሚደርሳችሁ በጣም ይቀንሳል። 5ጂን በተመለከተ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 አዲስ አበባ ላይ ሙከራ ሲጀምር ከኮሮና ጋር የሚያገናኘው ወሬ ገና አልበረደም ነበር። 5ጂም ላባ ነው። ቫይረስ በራዲዮ ሞገድ አይጓዝም።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋውም በዚሁ ፊዚክስ ነው። ብረት ማይክሮዌቭን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ኔትወርክ ሲዳከም ስልኩ ማማው ጋ ለመድረስ የበለጠ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ባትሪ ይጨርሳል።

ማይክሮዌቭ ውስጥ የሞቀ ምግብ ጨረር ይቀርበታል?

አይቀርበትም። አምፖል ስታጠፉ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ተቀምጦ ይቀራል? ምድጃውም ሲጠፋ ሞገዱ አብሮ ይጠፋል። 2.45 ጊጋ ኸርዝ ነው፤ ከዋይፋይ ጋር ጎረቤት ነው፣ ጉልበቱ ግን በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። የሚሠራው ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያወዛወዘ ነው። የሞገዱ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በሩ ላይ ባለው ወንፊት ጥቃቅን ቀዳዳዎች መውጣት አይችልም። ብርሃን ግን ይወጣል፤ ለዚያ ነው ውስጡ የሚታያችሁ።

ቤት ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት ልትለኩበት ትችላላችሁ። የሚሽከረከረውን ነገር አውጡና ቸኮሌት በሰሃን አድርጋችሁ ለ20 ሰከንድ ያህል አሙቁት። አንዳንድ ቦታ ብቻ ይቀልጣል። በቀለጡት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 6 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሞገዱ ግማሽ። በ2 አባዙት፣ ከዚያ በ2.45 ቢሊዮን አባዙት። በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር አጠገብ ካልደረሳችሁ ቸኮሌቱን ብሉትና ድገሙት።

አዲስ አበባ እየበረደ ፀሐይ ለምን ታቃጥላለች?

የሚያሞቃችሁና የሚያቃጥላችሁ አንድ ስላልሆነ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ብርዱ ግን ያታልላል። በዚያ ላይ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ታልፋለች። ነሐሴ ደመና ነው ብላችሁም አትዘናጉ፣ ስስ ደመና ብዙውን ያሳልፈዋል። ጥቁር ቆዳ ይከላከላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ቅንጦት አይደሉም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ በራጅ ፊልም አሻግረው ያዩ ነበሩ። የራጅ ፊልም የሚታየውን ብርሃን ያጨልማል እንጂ የማይታየውን በደንብ አይከለክልም። ዓይን ሲቃጠል ደግሞ አያምም። ለሚቀጥለው ትክክለኛውን መነፅር ግዙ።

ራጅ ስንት ጊዜ መነሳት ይቻላል?

የደረት ራጅ አንዴ ሲነሱ የሚደርሰው መጠን ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ራጅ ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል። ሲቲ ስካን ግን ብዙ እጥፍ ነው። ሐኪም ሲያዝ ተነሱ፤ "ለማንኛውም" ብላችሁ ግን አትነሱ። እርግዝና ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ ድምፅ ነው።

በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረው ቴርሞሜትርስ?

እሱ ተቀባይ ነው። የምታበሩት እናንተ ናችሁ። ማንኛውም ሙቀት ያለው ነገር ሞገድ ይለቃል፤ የሰው ገላ የሚለቀው ርዝመቱ 10 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ ነው። ከሰልም እንደዚያው ነው። ከመቅላቱ በፊት እጃችሁን ብታስጠጉ ይሞቃችኋል። 500 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ሲሄድ ድግግሞሹ ወደምናየው ይገባና ፍም ይሆናል።

ኢንፍራሬድን ማየት ከፈለጋችሁ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙሩና ቁልፍ ተጫኑ። በብዙ ስልኮች ላይ ሐምራዊ ነጭ ብርሃን ብልጭ ሲል ታያላችሁ። ሪሞቱ ባትሪ ጨርሷል ወይስ ተበላሽቷል የሚለውን ክርክርም ትፈቱበታላችሁ።

ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይ ግን መልሴ ሁሌ ይሳሳታል። ምን ላድርግ?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ስህተቱ ሜጋና ጊጋ ላይ ነው። ሜጋ ስድስት ዜሮ፣ ጊጋ ዘጠኝ ዜሮ። ናኖ ሜትር ደግሞ ወደ ታች ዘጠኝ። መልሱ ሲወጣ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመት ጥቂት ሜትር ነው፤ የእኔ መልስ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሦስት ዜሮ የሆነ ቦታ ጥዬ መጥቻለሁ።